ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎን ይለኩ

ራውተር የሚሸጥበት ሱቅ ሲገቡ ቀድሞ ዓይን የሚገባው የአንቴናው ብዛትና ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሁለቱንም ለመጨረሻ ያቆዩዋቸው። ባለ 10 ሜጋ መስመር ያለው ቤት 3000 የሚል ራውተር ቢገዛም ከኢንተርኔት የሚያገኘው ያንኑ 10 ሜጋ ነው። መኝታ ቤት ድረስ አልደርስ ያለው ዋይፋይም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግድግዳ ነው፤ ስድስት ቀንድ ያለው ራውተርም ያንን ግድግዳ አይበሳም። ስለዚህ ሥራው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት ይጀምራል።

የሚገባው መስመር ምንድን ነው?

መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ ይመልከቱ። የስልክ ገመድ ከሆነና ጠበብ ያለ ክሊፕ (አርጄ11) ካለው መስመሩ ኤዲኤስኤል ነው፤ የሚያስፈልግዎ የኤዲኤስኤል ሞደም ያለው ራውተር ነው። ተራው ራውተር የስልክ መስመር መቀበያ የለውም። ሁለቱ ከፊት ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ተሳስቶ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ገልብጦ የጀርባውን ቀዳዳ ማየት ብቻ ይበቃል። ጠባብ የስልክ ቀዳዳ ከሌለው ለኤዲኤስኤል ብቻውን አይሆንም።

ቀጭን ሆኖ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ገመድ ፋይበር ነው። የሚሰካበት ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል። ኦኤንቲው በድርጅቱ ሲስተም ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ከሱቅ በተገዛ ራውተር አይተካም። አዲሱ ራውተር ከኦኤንቲው ኋላ በኔትወርክ ገመድ (አርጄ45) ይቀጠላል። ኦኤንቲው ላይ ኤልኦኤስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ፋይበሩ ተበጥሷል ወይም ክፉኛ ታጥፏል ማለት ነው። ያኔ ራውተር መቀየር ውሃ መውቀጥ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ይደውሉ። ፋይበር ከሶፋ ኋላ ሲታጠፍ ጥምዘዛው ከ3 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባይጠብ ይሻላል።

ገመድ የሌለበት ቤት የሚጠቀመው ባለ ሲም ራውተር ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ መሣሪያው የሚቀበለው ሞገድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂን አዲስ አበባ ላይ የጀመረው በ1800 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ይህ በመሣሪያው ማብራሪያ ላይ ባንድ 3 ተብሎ ይጻፋል። ባንድ 3 የሌለውን አይግዙ። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር በሚያመጣው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የኬብል ቲቪ ሞደም፣ ያ ጫፉ እየተጠመዘዘ የሚታሰር ክብ ገመድ የሚቀበለው፣ ለስልክ መስመርም ለፋይበርም ለሲምም አይሆንም፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ባይይዝ ይሻላል።

ሦስት ልኬት

አሁን ያለውን መሣሪያ ሳይጥሉ ሦስት ጊዜ ፍጥነት ይለኩ። አንደኛ፣ ላፕቶፕ በገመድ ከሞደሙ ወይም ከኦኤንቲው ጋር አገናኝተው፣ የሌሎችን ስልክ ዋይፋይ አጥፍተው። ሁለተኛ፣ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀው በዋይፋይ። ሦስተኛ፣ ቅሬታ የሚነሳበት ክፍል ውስጥ በዋይፋይ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ቀን አንዱን ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ቢለኩት የበለጠ እውነቱን ይናገራል።

የ10 ሜጋ ጥቅል ላለው ቤት ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። በገመድ 9.4፣ አጠገቡ 9.2፣ መኝታ ቤት 1.1 ከመጣ መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ሽፋን ነው፤ በገመድ የሚደርስ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። በገመድ 9.4 ሆኖ አጠገቡ 3 ከሆነ ዋይፋዩ አርጅቷል ወይም የጎረቤት ዋይፋይ አጨናንቆታል፤ ራውተር መቀየር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በገመድም 3 ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ምንም ዓይነት ራውተር አያድነውም።

ለኤዲኤስኤል ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ቁጥር አለ። የሞደሙን ገጽ በብራውዘር ሲከፍቱ የኤስኤንአር ማርጂን (ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበት መጠን) ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ ይቆራረጣል። ክረምት ሲገባ ቁጥሩ ከወረደ ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ ስላለ ይመስላል፤ ይህን ቁጥር ይዞ ማመልከት «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከማለት የተሻለ ያስኬዳል። ለባለ ሲም ራውተር የሚታየው አርኤስአርፒ፣ የሲግናሉ ጥንካሬ ነው፦ −80 ጥሩ፣ −100 ደካማ፣ ከ−110 በታች ለሥራ የማይሆን። ራውተሩን ከቲቪ ሥር አንስቶ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን 10 እና ከዚያ በላይ ሊያሻሽለው ይችላል። ባይሻሻል የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለውን ሞዴል ይምረጡ።

ግድግዳው

የቤት ዋይፋይ በአብዛኛው የሚጠቀመው ሁለት ሞገድ ነው። ባለ 2.4 ጊጋኸርትዙ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ያልፋል፤ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክዎ ላይ የሚደረደሩት ሃያና ሠላሳ የዋይፋይ ስሞች በሙሉ በእነዚሁ ይሻማሉ። ባለ 5 ጊጋኸርትዙ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሁለት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላለ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሁለቱም ሞገድ ያለው አንድ ራውተር ይበቃል፤ ባለ 2.4 ብቻ የሆነውን፣ ካርቶኑ ላይ ኤን300 የሚለውን፣ ርካሽ ቢሆንም ይተዉት። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ግን ሌላ ነው። ብረት የተቀበረበት ሶሌታ ሲግናሉን ስለሚያደክመው ምድር ቤት ያለ አንድ ራውተር ፎቁን በደንብ ይሸፍናል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ቆርቆሮ ሲግናልን ይመልሳል። የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ካለ መፍትሔው ገመድ መዘርጋት ብቻ ነው።

ገመዱን ሲገዙ ካት5ኢ ወይም ካት6 ይበሉ፤ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ከመርካቶ በሜትር ሲገዙ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርገው ይመልከቱ። ውስጡ እንደ ላዩ ቀላ ካለ መዳብ ነው። ብር ከመሰለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለአጭር ርቀት ይሠራ ይሆናል፣ ጥቂት ሲተጣጠፍ ግን ይቆረጣል፣ ሲረዝምም ይዳከማል።

ሪፒተር የሚባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። የሚቀበለውንና የሚያስተላልፈውን በአንድ ሞገድ ሲሠራ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ መሰካቱ ነው፤ ያልደረሰውን ነገር ከየት አምጥቶ ይደግመዋል? መሃል ላይ፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት ቦታ ነው የሚሰካው።

የካርቶኑ ቁጥር

ኤሲ1200 የሚለው በ2.4 ላይ 300 እና በ5 ላይ 867 ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው። አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። በተግባር ደግሞ ከአንዱ ግማሽ ያህሉ ቢገኝ ጥሩ ነው። ኤኤክስ የሚለው ፊደል ዋይፋይ 6 ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲያያዝ ነው፣ ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ካላቸው። ዋይፋይ 7 ከ2024 ጀምሮ ማረጋገጫ እያገኘ ያለ አዲስ ትውልድ ነው፤ ለ10 ወይም ለ25 ሜጋ መስመር ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ የገመድ ቀዳዳዎቹን ፍጥነት ይጠይቁ። ባለ 100 ሜጋቢት ቀዳዳ ያለው ራውተር ከ100 ሜጋ በላይ ከመስመሩ አይቀበልም፣ ካርቶኑ 1200 ቢልም። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና ሲ6 ሁለቱም ኤሲ1200 ናቸው፤ የሲ50 ቀዳዳዎች 100፣ የሲ6 ግን 1000 ናቸው። ጥቅልዎ ከ100 ሜጋ በታች ከሆነ ልዩነቱ አይሰማዎትም።

ለቤት የሚያስፈልገውን ሲያሰሉ ጥርት ያለ ቪዲዮ ለአንድ ሰው 5 ሜጋ አካባቢ ይፈልጋል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይ ከሆነ 10 ሜጋ አይበቃም፤ ገንዘቡን ራውተር ላይ ሳይሆን ጥቅሉን ማሳደግ ላይ ያውሉት።

መብራት

መብራት ሲጠፋ የፋይበር ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው እዚያው ቤትዎ ውስጥ ነው። ከማዕከሉ እስከ ቤት ባለው የፋይበር መስመር ላይ ኮረንቲ የሚፈልግ መሣሪያ የለም፤ ኦኤንቲውና ራውተሩ ካልጠፉ መስመሩ ይቀጥላል። ለዚህ የሚሆነው ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ነው። ሲገዙ ስሌቱ ይህ ነው፦ 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 26 ያህል ይቀራል። ኦኤንቲው 6 ዋት፣ ራውተሩ 6 ዋት ቢበሉ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሻጩ «ስምንት ሰዓት ይይዛል» ካለ ምናልባት ያሰበው አንድ ትንሽ ራውተር ብቻ ነው።

ቮልቱ በትክክል ይግጠም። ራውተሮች በአብዛኛው 9 ወይም 12 ቮልት ናቸው። 12 የሚፈልገው ላይ 9 ቢሰኩ ይበራል፣ ሥራ ሲበዛበት ግን ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። 9 የሚፈልገው ላይ 12 ቢሰኩ ሊቃጠል ይችላል። አምፔሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጉዳት የለውም። በነገራችን ላይ ያለ ምክንያት በየሰዓቱ የሚጠፋና የሚበራ አሮጌ ራውተር ብዙ ጊዜ የደከመው አዳፕተሩ ነው። ራውተር ከመቀየር በፊት አዳፕተር ቀይሮ ማየት ርካሽ ነው። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን ያረጋግጡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በ220 ሶኬት አይሰካም።

ካፌ ከሆነ

የቤት ራውተር ካፌ ውስጥ የሚሞተው በፍጥነት ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክ የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንድ ራውተር በተለመደው አሠራር ከ253 የማይበልጥ አድራሻ ያድላል፤ ያደለውንም ብዙዎቹ ለ24 ሰዓት ይይዙታል። በቀን 300 ሰው የሚገባበት ካፌ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ደንበኛ ስልክ «አድራሻ በመፈለግ ላይ» ብሎ ይቀራል። የሊዝ ጊዜውን (አንድ አድራሻ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 1 ሰዓት ማውረድ በነፃ ይፈታዋል።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፍጥነት መገደብና በኩፖን ማስገባት ከተፈለገ ማይክሮቲክ የሚባለው የራውተር ዓይነት ይመረጣል። ትንሹ ኤችኤፒ ላይት ባለ 2.4 ብቻ ነው፤ ኤችኤፒ ኤሲ2 ሁለቱም ሞገድና አምስት ባለ 1000 ቀዳዳ አለው። በላዩ ያለው ደረጃ 4 የሶፍትዌር ፈቃድ በአንድ ጊዜ እስከ 200 የሆትስፖት ተጠቃሚ ይፈቅዳል። አቀማመጡ ግን ከተራ ራውተር ይከብዳል፤ የሚያውቅ ቴክኒሻን ከሌለ አይሞክሩት።

ሱቅ ላይ

ከሥሩ ያለውን ስቲከር ከካርቶኑ ጋር ያነጻጽሩ፤ ሲሪያል ቁጥሩና ማክ አድራሻው አንድ ካልሆነ መሣሪያው ተለውጧል ወይም ያገለገለ ነው። ስቲከሩ ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥርም ያንብቡ፣ አንድ ስም ያለው ሞዴል በቨርዥን የተለያየ ዕቃ ሊይዝ ይችላል። እዚያው ያስበሩት፤ ሁለቱ ሞገዶች ስልክዎ ላይ መታየታቸውን ያረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ 10 ሰከንድ ተጭነው በነባሪው የይለፍ ቃል መግባት መቻሉን ይሞክሩ። የማይገባ ከሆነ የሆነ ድርጅት የቆለፈው ነው። ካልሠራ የሚመለስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ቤት ሲገባ

ከኦኤንቲ ኋላ የሚቀጠለውን ራውተር አክሰስ ፖይንት በሚባለው ሞድ ያስነሱት፤ ያኔ አድራሻ የሚያድለው ኦኤንቲው ብቻ ይሆናል፣ ፕሪንተርና ቲቪም በሁለቱ ፎቆች ይተያያሉ። ይህ ሞድ የሌለው ርካሽ ራውተር ከሆነ ገመዱን ዋን በሚለው ሳይሆን ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ከዚያ በፊት ግን የአዲሱን አድራሻ ይለውጡ፦ ኦኤንቲው 192.168.1.1 ከሆነ አዲሱን 192.168.1.2 ያድርጉት፣ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒም ያጥፉ። ሁለቱ አንድ አድራሻ ከያዙ ኢንተርኔቱ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ሰውም «አዲሱ ራውተር ብልሹ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስን (በቁልፍ ወይም በፒን ማገናኛውን) ያጥፉ፣ ለዋይፋዩ ጥበቃ ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ይምረጡ። ከዚያ ሦስቱን ልኬቶች በድጋሚ ያድርጉ። መኝታ ቤት 1.1 የነበረው አሁንም 1.1 ከሆነ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት።