ደጅ የሚፈጥነው ዳታ ቤት ሲገባ ለምን ይንቀራፈፋል?

እናቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ከሳሎን ወደ ኩሽና ስትመላለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤታችን አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከኋላችን ፎቅ ተሠርቷል፣ ጣራችን ቆርቆሮ ነው። ውጭ አገር ላለችው እህቴ ሶፋው ላይ ሆና በቪዲዮ ስትደውል ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ኩሽና መስኮቱ ጋ ስትቆም ደግሞ ጥርት ይላል። እሷ ግን «ፓኬጁ አልቆ ይሆናል» እያለች በሳምንት ሁለት ጊዜ ትገዛ ነበር። ያን ሁሉ ብር ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። ፓኬጁ ምንም አልሆነም ነበር።

ስለዚህ ሌላ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩ የት ጋ እንዳለ ለዩ። ቤት ውስጥ ዳታ ሲንቀራፈፍ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቤቱ፣ ሰዓቱ ወይም ስልኩ።

መጀመሪያ ለኩ

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለኩትን ስፒድቴስትን ወይም ፋስት ዶት ኮምን ክፈቱና ሁሌ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ለኩ። ከዚያ መስኮት ጋ፣ ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ ድገሙት። ዋይፋይ ካላችሁ አጥፉት፣ አለዚያ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው። ይህንኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይና ማታ 3 ሰዓት ላይ አድርጉት። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ልኬቱ ራሱ ዳታ ስለሚበላ ከዚህ በላይ አትደጋግሙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መለኪያው የሚያሳያችሁ በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚመጣ ነው። ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ግን ሜጋባይት ነው፤ 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። መለኪያው 8 ብሎ ፋይሉ በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ቢወርድ ማንም አላታለላችሁም። ስንት ይበቃል ካላችሁ፣ ዩቲዩብ በ480 ጥራት ለማየት 1.1 ሜጋቢት፣ በ720 ለማየት ደግሞ 2.5 ሜጋቢት በቂ ነው ይላል።

ምልክት፦ «ደጅ ይፈጥናል፣ ቤት ውስጥ ይሞታል»

የእናቴ ችግር ይሄ ነው። መሀል ከተማ ብዙ ሰው የሚቸገርበትም ይመስለኛል።

ስልካችሁ ዳታ የሚያገኘው ከኔትወርክ ማማ በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ብረት ያንጸባርቀዋል፣ ወፍራም ኮንክሪት ያደክመዋል። የቆርቆሮ ጣራ ከላይ የሚመጣውን ይመልሰዋል። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ፌሮ ያለበት ወለልና ግድግዳ ተደራርቦባችኋል፣ ዙሪያውን ሌሎች ብሎኮች ቆመዋል። አዳዲሶቹ ፎቆች ላይ የሚገጠመው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብርጭቆም ስስ የብረት ቅብ ካለው ሞገድ ይከለክላል። ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ኔትወርክ ደግሞ ግድግዳ ሲያልፍ የበለጠ ይደክማል።

ስልኩ ላይ የሚታየውን የኔትወርክ ባር ብቻ አትመኑ። ባሩን እንዴት እንደሚስል የሚወስነው እያንዳንዱ ስልክ ሠሪ ነው። የአንዱ ስልክ ሦስት ባር የሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። የሞገዱን ጥንካሬ እውነተኛ ቁጥር ለማየት አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን»፣ ከዚያ «ሲም ስታተስ» ግቡ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ፎር ጂ ላይ ከሆናችሁ -85 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። -110ን አልፎ ወደ -120 ሲወርድ ስልኩ ሞገዱን የሚይዘው በጭንቅ ነው። እኛ ቤት ሶፋው ላይ -116 ነበር፣ ኩሽና መስኮቱ ላይ -94። በመካከላቸው ያለው ስድስት እርምጃ ነው።

መፍትሄው ይህን ልዩነት መጠቀም ነው። ስልኩን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ ቁጥሩ የት እንደሚሻል እዩ። የብረት ሽፋን ያለው ኬዝ ካለው አውጡት። ካገኛችሁት ጥሩ ቦታ ላይ መቀመጥ ካልቻላችሁ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ የፎር ጂ ስልክ ካለ ዳታ ያለበትን ሲም እሱ ውስጥ አድርጉ። መስኮቱ ላይ ቻርጅ ሰክታችሁ አስቀምጡትና ሆትስፖቱን ክፈቱ። ሳሎን ያለው ስልክ በዋይፋይ ከሱ ይወስዳል። ዋይፋዩ የሚሻገረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለው ስልክ ይቀበለዋል። የእናቴ አሮጌ ስልክ አሁን ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ፣ ብርጭቆውን ተደግፎ ቆሟል። እሷም ሶፋዋ ላይ ሆና ታወራለች። ሆትስፖቱ ላይ ጠንካራ የይለፍ ቃል ማድረግን አትርሱ፣ ጎረቤት በጠቅላላ እንዳይገባበት።

ፋይቭ ጂ ያለው ስልክ ከያዛችሁ ሌላም የሚሞከር አለ። ፋይቭ ጂ አዲስ አበባ ውስጥ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ቤት ውስጥ ግን ስልኩ በደከመ ፋይቭ ጂና በፎር ጂ መካከል ሲዋልል ሁለቱንም በደንብ ላይይዝ ይችላል። የኔትወርክ ምርጫው ላይ ፎር ጂ አድርጉትና ለኩ። የተሻለ ከሆነ እንደዚያው ተዉት።

ገበያ ላይ «ኔትወርክ ማጉያ» እየተባለ የሚሸጠውን ሳጥን ግን እንድትገዙ አልመክርም። ያልተፈቀደ ማጉያ ማማውን ይረብሻል፣ የሰፈሩንም ኔትወርክ ሊያበላሽ ይችላል።

ምልክት፦ «ባሩ ሙሉ ነው፣ ማታ ማታ ግን አይንቀሳቀስም»

ይሄ የሰዓት ጉዳይ ነው። ከሥራ መውጫ ላይ ሜክሲኮ አደባባይን አስቡት። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ታክሲውም አለ፣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጥቷል። አንድ ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላሉት ስልኮች ያካፍላል። ማታ ከእራት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ቪዲዮ ሲከፍት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ቢሮና ሱቅ የበዛበት ሰፈር ደግሞ ቀንም ይጨናነቃል።

መብራት ሲጠፋ ይብሳል። ቤቱ ዋይፋይ ያለው ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይመጣል። ማማውም ከባትሪው ወይም ከጄኔሬተሩ ነው የሚሠራው፣ መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ ማማው ራሱ ሊጠፋም ይችላል። ያን ጊዜ ስልካችሁ ራቅ ያለ ማማ ይይዛል። መብራት መጥቶ እንኳ ቀስ ካለ ኤርፕሌን ሞዱን ለ10 ሴኮንድ አብርታችሁ አጥፉት። ስልኩ እንደገና ሲፈልግ ቅርቡን ማማ የማግኘት ዕድል አለው።

መጨናነቅን ፓኬጅ በመግዛት ማለፍ አይቻልም። የሚቻለው ሰዓት መቀየር ነው። ከባድ ነገር የምታወርዱ ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ወይም ንጋት 11 ሰዓት ላይ አድርጉት። ማታ ቪዲዮ ስታዩ ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ አድርጉ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም።

ሌላው ምርጫ የሌላውን ኩባንያ ሲም መሞከር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮምም አዲስ አበባ ውስጥ ስላለ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የማወዳደር ዕድል አለን። ግን አትቸኩሉ። ሰፈራችሁ የትኛው እንደሚሻል ማስታወቂያ አይነግራችሁም። ሌላውን መስመር የሚጠቀም ጎረቤት ወይም እንግዳ ሲመጣ እናንተው ቤት፣ እናንተው ሶፋ ላይ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዲለካላችሁ ለምኑት። ከዚያ ወስኑ።

ምልክት፦ «የጎረቤቴ ስልክ ይፈጥናል፣ የኔ ብቻ ነው የሚንቀራፈፈው»

በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ኩባንያ መስመር የሌላው ስልክ ከፈጠነ ጥፋቱ ከእናንተ ስልክ ነው።

በመጀመሪያ ቪፒኤን፣ ማለትም መረጃችሁን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያሳልፈው አፕ፣ በርቶ እንደሆነ እዩ። ብዙዎቻችን አንዳንድ አፖች አልከፍት ያሉ ጊዜ ጭነነው ሳናጠፋው ቀርተናል። የኔ ለወራት በርቶ ኖሯል። እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ነገር ለመክፈት መረጃው ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ከርሟል ማለት ነው። ሳጠፋው ፍጥነቱ በእጥፍ ጨመረ። ነፃ የሆኑት ቪፒኤኖች ደግሞ ራሳቸው የተጨናነቁ ናቸው።

ቀጥሎ ከጀርባ የሚበላውን። ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱ፣ አፖቹ በበሉት ልክ ተደርድረው ይታያሉ። ቴሌግራም ብዙ ግሩፕ ላለው ሰው ዋናው ነው፦ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ በሞባይል ዳታ የሚለውን አጥፉ። ጉግል ፎቶስ ፎቶዎችን የሚያስቀምጠው፣ ፕሌይ ስቶርም አፕ የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ሆትስፖታችሁ ላይ ማን እንዳለም ተመልከቱ።

ከዚያ የሲሙ ነገር አለ። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ ዳታው በየትኛው ሲም እንደተመረጠ እዩ። አንዳንድ ቆየት ያሉ ስልኮች ፎር ጂ የሚሰጡት ለአንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው። የኔትወርክ ምርጫው ሦስት ጂ ላይ ተቆልፎ ከሆነ ወደ ፎር ጂ መልሱት። ፎር ጂ አዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም. ስለሆነ ሲማችሁ ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ መታወቂያ ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና አስቀይሩ፣ ቁጥራችሁ አይቀየርም። ዘመድ ከውጭ ያመጣው ስልክ ደግሞ እዚህ የሚሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ባንድ ላይደግፍ ይችላል። እሱ በሴቲንግ አይስተካከልም።

ምልክት፦ «በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ»

ይሄ አጭር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ *804#፣ ሳፋሪኮም ከሆናችሁ *704# ደውላችሁ ቀሪውን እዩ። «ያልተገደበ» የሚባል ፓኬጅ ካላችሁ ደግሞ ውሉን አንብቡ፦ አንዳንዱ ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ ወደ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆናችሁ ወደ 700 ደውሉ። «ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው» ብቻ ካላችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ ይሏችኋል። ወረቀቱን አውጡና አንብቡላቸው፦ የቤታችሁን አካባቢ፣ አጠገቡ ያለውን የታወቀ ቦታ፣ ሰዓቱን፣ መስኮት ጋ ስንት፣ ሳሎን ስንት፣ ሌላ ስልክ ላይም እንደሚታይ። የአቤቱታውን ቁጥር ጠይቁና እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በሳምንቱ ስትደውሉ ከሱ ትጀምራላችሁ።