ልጅ ይዛችሁ ፓርክ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ልጆችን ስኬትቦርድ፣ ማለትም ቆመው የሚነዱትን ባለ አራት ጎማ ሰሌዳ፣ አሠለጥናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ውሎዬ ፓርክ ነው። የልጆች መጫወቻውና ስኬት ፓርኩ (ስኬትቦርድ የሚነዳበት ሜዳ) ጎን ለጎን ስለሆኑ የሁለቱንም ጉድ አያለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ትንሽ ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ ሸርተቴ መውረድ። ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው የሚሳሱ ወላጆች ናቸው፤ ብቻውን ከሚወርድ አብሬው ልሁን ብለው ነው። አደጋው ግን እዚያው ጭን ላይ አለ። ልጁ ብቻውን ሲወርድ ጫማው የሸርተቴውን ጎን ቢይዝ ቀላል ስለሆነ ይቆማል። ጭን ላይ ሲሆን ግን እግሩ ቢይዝም የአዋቂው ክብደት ወደ ታች መግፋቱን አያቆምም። እግሩ ይጠመዘዛል፤ ቅልጥሙ ይሰበራል። የሕፃናት ሐኪሞች ይህን ስብራት በደንብ ያውቁታል። ብቻውን መውረድ ካልቻለ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። አጭር ሸርተቴ ፈልጉለትና ከጎኑ ቆማችሁ ደግፉት።

ልጁ ራሱ መውጣት ያልቻለበት ቦታ ላይ አንስታችሁ አታስቀምጡት። መውረድም አይችልም።

ፀሐይ ሲበረታ ሸርተቴውን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ብረት ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ፕላስቲኩም፣ መሬቱ ላይ የተነጠፈው ጎማም ያቃጥላል።

ዥዋዥዌ ፊትና ኋላ ሕፃን አይቆምም። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስኬት ፓርኩን እንደ ሸርተቴ የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ። ትንሹ ልጅ ያንን ለስላሳ ተዳፋት ሲያይ ይሮጣል፤ በቂጡ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ይስቃል። አባት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ከማዶ ደግሞ አንዲት ልጅ ፍጥነት ይዛ እየመጣች ነው። ስኬትቦርድ ፍሬን የለውም። ከአፋፉ ወዲያ ያለችው ልጅ ከታች ማን እንዳለ የምታየው መውረድ ከጀመረች በኋላ ነው። ያኔ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፦ ሕፃኑን መግጨት ወይም ራሷን መጣል። ራሷን ብትጥል እንኳ ቦርዱ ብቻውን ተወንጭፎ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ወደ ታች፣ ሕፃኑ ወዳለበት ነው። አንዱ ተማሪዬ እንዲህ ሕፃን ላለመግጨት ራሱን ጥሎ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። እጁን ታቅፎ እንደተቀመጠ የሕፃኑ እናት መጥታ ተቆጣችው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልጁ ያን ያህል የከፈለው እኮ ለእሷ ልጅ ነው!

ስለዚህ ማየት የምትፈልጉ ከሜዳው ውጭ ቁሙ። ራምፑ (ተዳፋቱ) አናት ላይ ያለው የብረት ጠርዝ ደግሞ መቀመጫ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ የሚወጡበትና የሚዞሩበት ቦታ ነው። ልጃችሁ መሞከር ከፈለገ በጣም ደስ ይለኛል። ማልዳችሁ፣ ሰው ሳይበዛ አምጡት። ሄልሜት፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርጉለት። ሌላ ሰው እየነዳ እያለ እንዳይገባ፣ ተራውን ቆሞ እንዲጠብቅ አስተምሩት። እናንተ ደግሞ ቦርዱ ላይ እያለ ስሙን እየጠራችሁ ፊቱን አታዙሩት።

አሸዋና ጠጠርም አለ። ልጆች ከአሸዋ መጫወቻው እፍኝ ዘግነው መጥተው ራምፑ ላይ ይበትናሉ። ለእነሱ ጨዋታ ነው። የስኬትቦርድ ጎማ ግን ትንሽና ደረቅ ነው፤ ዲያሜትሩ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ከሥሩ አንዲት ጠጠር ስትገባ ቦርዱ ቀጥ ይላል፤ የቆመበት ልጅ ግን አይቆምም፤ በፊቱ ይደፋል። መጥረጊያ ይዘው መጥተው ሜዳውን የሚጠርጉ ወጣቶች ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

እነዚህን ወጣቶች ዱርዬ አትበሏቸው፤ ልጃችሁንም ከእነሱ አታሽሹ። የወደቀ ጀማሪ ሲያዩ ቀድመው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ደግሞም ስኬትቦርድ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የስትሪት ውድድር (እንደ መንገድ ደረጃና መደገፊያ ባሉ መሰናክሎች ላይ የሚደረግ) ወርቅ የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ልጁ ከስኬት ፓርኩ ወጥቶ ወደ መጫወቻው ሲሮጥ ሄልሜቱን አውልቁለት። መወጣጫዎቹ ላይ ጠባብ ክፍተቶች አሉ። ሰውነቱ ሾልኮ ያልፍና ሄልሜቱ ይቀረቀራል፤ ልጁ በአገጩ ማሰሪያ ይንጠለጠላል። በዚህ ሕፃናት ሞተዋል። አንገት ላይ ያለ ስካርፍና ክር ያለው ኮፍያም እንደዚሁ ነው። ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት።