አማርኛ ዌብሳይታችሁ ላይ ፊደሉ ከተበላሸባችሁ እንዲህ አስተካክሉት

አቦ ድሬ ላይ ለሱቅ ለካፌ ዌብሳይት ምትሰሩ ልጆች ይሄን አንብቡ። ባለፈው ከዚራ አንድ ካፌ ሜኑውን ኦንላይን አስሰርቶ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ ጠርተውኝ ሳየው በጣም ነው ያናደደኝ ምክንያቱም ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የጋራ ኮድ የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ ከገባ እኮ ከ1999 (በፈረንጅ) ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት ነበር እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ኮድ እየነበረው ፎንቱ የሌለው ሰው ማንበብ ያቃተው።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ። ሳጥን ሳጥን ካያችሁ ፅሁፉ ደህና ነው ስልኩ ላይ ፎንት ነው የሌለው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ከሳይቱ ጋ አብራችሁ ጫኑት። ጭረት የተጫነባት የፈረንጅ ኤ (á) እየተመላለሰች ካያችሁ ደግሞ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በባይት የሚፃፍበት መንገድ) ሆኖ ብራውዘሩ በሌላ ኮድ እያነበበው ነው፣ በዩቲኤፍ-8 አንዷ ፊደላችን 3 ባይት ስለሆነች የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ያቺ ኤ ሆና ነው የምትታየው። የቻርሴት ሜታ ታጉን (ፋይሉ በየትኛው ኮድ እንደተፃፈ ለብራውዘሩ የሚነግረውን) ከስክሪፕቱ ሁሉ አስቀድሙት፣ የኤችቲኤምኤል ስታንዳርድ ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ይሁን ነው ሚለው፣ አሁንም እምቢ ካለ ሰርቨሩ ሌላ ቻርሴት እየላከ እንዳይሆን እዩ እሱ የናንተን ታግ ይሽረዋል።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ዳታቤዙ ፊደሉን ሳይቀበል ቀርቶ ነው፣ ከገባ በኋላ አይመለስም። ማይኤስኪውኤል ከሆነ ቴብሉንም ኮኔክሽኑንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4) አድርጉና እንደገና ፃፉ፣ እኛም ሜኑውን ከፉል እስከ ማኪያቶ አንድ በአንድ እንደገና ነው የፃፍነው።

ሌላው ኤችቲኤምኤሉ ላይ lang ብላችሁ ምታስገቡት የቋንቋ ኮድ ነው፣ አማርኛ ኤኤም (am)፣ ኦሮምኛ ኦኤም (om)፣ ሶማልኛ ኤስኦ (so)። ድሬ ላይ አንድ ገፅ ላይ ሶስቱም ሊኖር ስለሚችል የየፓራግራፉን ለይታችሁ አስገቡ፣ ማየት የተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብለት ከዚህ ነው ሚያውቀው።

ስልክ ቁጥር ላይ 025 ብላችሁ ብቻ ሊንክ አታድርጉ፣ ጅቡቲ ያለ ደንበኛ ሲነካው አይገባለትም፣ ዜሮዋን አውጥታችሁ የሀገሩን ኮድ ጨምራችሁ +25125 ብላችሁ ጀምሩ።

ቀለም ላይ ደግሞ የዳብሊው3ሲ (የዌብ ስታንዳርድ አውጪው ድርጅት) መመሪያ ለተራ ፅሁፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ኮንትራስት (የፅሁፉና የጀርባው የድምቀት ልዩነት) ይላል፣ ነጭ ላይ ግራጫ ፅሁፍ ምትወዱ እባካችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ቀትር ላይ ቀፊራ ገበያ ውጡና ዋጋውን ለማንበብ ሞክሩ።