ሰነድን በተመሰጠረ ሊንክ መላክ፦ ሊንኩ በአንድ መንገድ፣ ቁልፉ በሌላ

ባለፈው ክረምት በቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ የቤት ውላችንን ስካን ላስደርግ ስገባ፣ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የፋይዳ መታወቂያ በየስማቸው ተደርድሮ አየሁ። ባለሱቁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ደንበኛው ሁሉ ሰነዱን በቴሌግራም ልኮለት፣ የታተመለትን ይዞ ከሄደ በኋላ ፋይሉን የሚያጠፋ ስለሌለ ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ወይም ለጠበቃ ሰነድ ስንልክም የምናደርገው ይህንኑ ነው። የቴሌግራም ተራ መልእክት ደግሞ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከሁለቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም።

አስቀድሞ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። ጉግል ድራይቭም ፋይልን መስጥሮ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን በተለመደው አጠቃቀም ቁልፉ ያለው በድርጅቱ እጅ ነው። ፕሮቶን ድራይቭና ሜጋ የተባሉት የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቶች ግን ፋይሉን ከስልክዎ ወይም ከኮምፒውተርዎ ሳይወጣ ስለሚመሰጥሩት፣ ሰርቨሩ (ፋይሉ የሚቀመጥበት የድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ የሚደርሰው ያለ ቁልፉ ሊነበብ የማይችል ነገር ነው። ሊንኩን ልብ ብለው ቢያዩት # የምትል ምልክት ያገኛሉ፤ ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደልና የቁጥር ድርድር የመክፈቻው ምስጢር ሲሆን፣ ብራውዘር ይህን ክፍል ወደ ሰርቨሩ አይልከውም። ስለዚህ ሙሉውን ሊንክ ያገኘ ማንኛውም ሰው፣ ሌላ መቆለፊያ ካልተደረገበት በቀር፣ ፋይሉን ይከፍተዋል።

በፕሮቶን ድራይቭ ፋይሉን ከጫኑ በኋላ ከማጋሪያው ምርጫ ሊንክ ይፍጠሩ፤ ወደ ሊንኩ ማስተካከያ ገብተውም የይለፍ ቃል ይስጡት፣ የሚያበቃበትንም ቀን ይወስኑ። ለጠበቃ ከሆነ ሦስት ቀን ይበቃል፤ ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ግን አንድ ሳምንት ቢሰጡት ይሻላል። በሜጋ ደግሞ ከ# ቀጥሎ የሚመጣውን ቁልፍ ከሊንኩ ነጥሎ የመላክ ምርጫ አለ። በእኛ ሰፈር መብራት በድንገት ስለሚጠፋ፣ ሊንኩን ከመላክዎ በፊት ፋይሉ ተጭኖ ማለቁን ያረጋግጡ፤ በብራውዘሩ ስውር መስኮት (Incognito ወይም Private) ሊንኩን ራስዎ ከፍተው የይለፍ ቃሉን መጠየቁንም ይመልከቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በይለፍ ቃሉ ላይ ነው። ሊንኩን በቴሌግራም ልኮ የይለፍ ቃሉን እዚያው ከሥሩ የሚጽፍ ሰው ምንም አልቆለፈም፤ ያንን ስልክ የከፈተ ሁሉ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያገኛቸዋልና። ሊንኩ በመልእክት ከሄደ የይለፍ ቃሉ በስልክ ጥሪ በቃል ይነገር። የልጅ ስም፣ የትውልድ ዓመትና ስልክ ቁጥር አይሁን፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይምረጡ። እዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል ይጽፈዋል፣ በግዕዝ ፊደል ከሆነም ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ያሳስታሉ። ለወንድሜ የነገርኩት የይለፍ ቃል ሦስት ጊዜ አልከፍትም ያለው በአንዲት ፊደል ምክንያት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል በፊደል አስጽፌ መልሶ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።

አዲስ አካውንት መክፈት ለማይፈልግ ሰው ሰባት ዚፕ (7-Zip) የተባለው ፋይል የሚጨምቅና የሚቆልፍ ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ኤኢኤስ 256 (AES-256) በተባለው ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ በይለፍ ቃል ቆልፎ፣ የፋይሎቹንም ስም እንዲመሰጥር የሚያዘውን ሳጥን ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ በለመደው ክላውድ ላይ መጫን ይችላል። ተቀባዩም የሚከፍትበት ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

ተቀባዩ ፋይሉን ማውረዱን ሲነግርዎ፣ ቀኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ሊንኩን ይዝጉት። ይህ ወደፊት የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ አንዴ የወረደውን ቅጂ አይመልስም፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ቅጂውን እንዲያጠፋ ተቀባዩን በግልጽ ይጠይቁት። ስካን ያደረጉት ፎቶ ኮፒ ቤት ከሆነም ፋይሉ ከዴስክቶፑና ከሪሳይክል ቢኑ ዓይንዎ እያየ ይጥፋ። በሱቁ ኮምፒውተር ቴሌግራምዎን ከፍተው ከነበረ፣ በስልክዎ ቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይመልከቱና ያንን ኮምፒውተር ከሱቁ ሳይወጡ ያቋርጡት።