አርብቶ አደሩን ልንረዳ ወጥተን የምንጎዳባቸው ስህተቶች

ከድሬዳዋ ተነስተው ወደ ሽንሌ፣ ኤረርና አይሻ የሚወጡ ወጣት ባለሙያዎች በየዓመቱ አያለሁ። ቅን ልጆች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን አንዱ ስህተት ስለበዛብኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይኸውም ውሃ በሌለው የግጦሽ ሜዳ መካከል ጉድጓድ መቆፈር ነው። «ይህ ሁሉ ሣር እያለ ውሃ የለም» ትላላችሁ። ሣሩ የተረፈው እኮ ውሃ ስለሌለ ነው! እነዚህ ወረዳዎች ባሉበት በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ዝናብ ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድራዕ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ካራን። እረኛው ኩሬው ሲሞላ ወደ ሜዳው ይዘልቃል፤ ሲደርቅ ይመለሳል፤ መሬቱም ያርፋል። ግመል ከሳምንት በላይ ሳትጠጣ ትቆያለች፤ ላም ግን በሁለት በሦስት ቀኑ ውሃ ካላገኘች አትችልም። ሞተር ሲተከል ከብቱ በጋውን ሙሉ እዚያው ይከርማል፤ ጎጆ ይቀለሳል፤ ሱቅ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ከብት የሚሞተው ውሃ ዳር ቆሞ፣ በረሃብ ነው። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ መርጬ ፈርሜአለሁ። አንድ ሽማግሌ ሜዳው ለክፉ ቀን የተጠበቀ መሆኑን ሊያስረዱኝ ሞክረው ነበር፤ ዕቅዱን በእጄ ይዤ ስለነበር አልሰማኋቸውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስመለስ ዓይን እስከሚያይ ድረስ አቧራ ነበር። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ማን፣ መቼ እንደሚያጠጣና መቼ እንደሚዘጋ ከሽማግሌዎች ጋር ተስማሙ። ብዙ ጊዜ ከጉድጓድ ይልቅ በዝናብ ሞልቶ ጊዜውን ጠብቆ የሚያልቅ ብርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ) ይሻላል።

በድርቅ ጊዜ ጥቂት እስር ድርቆሽ ለመንጋው ሁሉ እኩል አታከፋፍሉ፤ አንዷንም አያተርፍም። ለእርጉዞችና ለሚያጠቡት ስጡ፤ መንጋው ዳግም የሚነሳው ከእነርሱ ነው። ወጠጤውና ያረጀው ሥጋው ሳያልቅ ገበያ ይውጣ።

ድርቁ እንዳለፈ ከደጋ ገበያ ፍየል ገዝቶ ማደል ደግሞ ደስታ መሰል የሚባለውን፣ ፍየልና በግ የሚገድል ተላላፊ በሽታ በመኪና ጭኖ ማምጣት ሊሆን ይችላል። ከአካባቢው ግዙ፤ አስከትቡ፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩ።

የፕሮሶፒስን፣ የግጦሽ መሬት የሚወርረውን እሾሃማ መጤ ዛፍ፣ ፍሬ ሳትፈጩ ለከብት አታብሉ፤ ዘሩ ሳይፈጭ በፋንድያ ወጥቶ ሌላ ሜዳ ይወርራል።

ወተቱን የሚያልቡትና የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ስለ ወተት ወንዶችን ብቻ ሰብስባችሁ አትወስኑ።

በመጨረሻም፣ ዝናብ ጣለ ብላችሁ መኖ አታቋርጡ። ሣር እስኪበቅል ቀናት ያልፋሉ፤ የከሳች ፍየልም የመጀመሪያውን ሌሊት ዝናብና ብርድ አትቋቋምም። በ2008 ዓ.ም.፣ ከኤልኒኞው ድርቅ በኋላ፣ ያን ሁሉ ወር ተሻግረው የነበሩ ፍየሎች ዝናቡ በጣለ ማግስት በየበረቱ ተዘርግተው አገኘናቸው። ድርቆሹ ከአንድ ቀን በፊት ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ መጋዘን ተመልሶ ነበር።