አዲስ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ላይ አስተያየት ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካዊው ደራሲ ዳን ብራውን፣ የምልክት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ላንግደን ዋና ገጸ ባህሪ ከሆነበት ከቀደመው ልቦለዱ 8 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 «ዘ ሲክሬት ኦፍ ሲክሬትስ»ን አሳተመ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የአንድ ሰው ሆኖ አይቀርም። ፒያሳ የተገዛው ሸዋ በር ያድራል፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አስተያየቱ ግን ከመጽሐፉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ትልቁ ጥፋት መጨረሻውን መዘርገፍ ነው። «እኔ እንኳ አልናገርም» የሚሉት ደግሞ ይብሳሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሳትጨርሱ እንዲህ ያለ ወሬ ትሰማላችሁ፦

«ኧረ በላ ተወኝ፣ ገና ገጽ 90 ላይ ነኝ!»

«አይዞህ፣ ዋናውን አልነግርህም። ብቻ ያን ሰውዬ እንዳታምነው።»

አለቀ! ደራሲው በየምዕራፉ የበተነው ንግር፣ የሚመጣውን የሚጠቁመው ፍንጭ ሁሉ፣ ከዚህ በኋላ ዋጋ የለውም፤ አንባቢው ሰውዬውን ብቻ ሲጠብቅ ይከርማል። መናገር የሚቻለው መነሻውን ነው። ላንግደን የሳይንቲስቷን የካትሪን ሰለሞንን ንግግር ሊሰማ ፕራግ ይሄዳል፣ ሰው ይገደላል፣ ካትሪን ከነረቂቅ መጽሐፏ ትሰወራለች። ይህን ያህል የመጽሐፉ ማስታወቂያም ይናገራል፤ ከዚህ ያለፈውን ለአንባቢው ተዉለት።

ሁለተኛው «እንደ ዳ ቪንቺ ኮድ አይሆንም» ብሎ መዝጋት ነው። ያ የብራውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ አጭር ምዕራፍ፣ ልክ ሲጥም የሚቋረጥ ትዕይንት፣ በአንድ ቀንና ሌሊት የሚያልቅ ሩጫ ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። አሁን ስልቱን ለምደነዋል፤ ድንጋጤው ቢቀንስ አይገርምም። «ወርዷል» ከማለት የት እንደዛለ ማሳየት ይሻላል። ለእኔ የዛለው ስለ ንቃተ ህሊና የሚሰጠው ማብራሪያ ሲረዝም ነው። ገጸ ባህሪያቱ ከሞት እየሸሹ ቆመው ሲማማሩ ሴራው ይላላል። ከተማዋን አሳልፎ ሲያስሮጠን ግን እጁ ያው የቀድሞው ነው፤ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በጥቂት ሌሊት የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ሁለት ፊት አለው፦ ሁሉን ማመንና ሁሉን መናቅ። ብራውን መጽሐፎቹን «ይህ እውነት ነው» በሚል ገጽ መክፈት ይወዳል። በዳ ቪንቺ ኮድ የጽዮን ማኅበር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ምስጢራዊ ማኅበር እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ በዚያ ስም ፈረንሳይ ውስጥ የተመዘገበው ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. የ1956 ነው። በርጫ ላይ ያንን ገጽ እንደ ታሪክ ማስረጃ እየጠቀሰ የሚከራከር አይጠፋም። በሌላ በኩል «ውሸት ስለሆነ አይረባም» የሚለውም አልገባውም፤ ልቦለድ ነው እኮ! የቻርልስ ድልድይ ፕራግ ላይ አለ፤ በላዩ የሚሮጠው ሰው ግን የደራሲው ፈጠራ ነው።

በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ ያነበበ ሰው «ታሪኩ ይዘላል» ከማለቱ በፊት ገጹ እንዳልጎደለ ይይ።

በተረፈ መጽሐፉን የምታውሱ ሰዎች፣ ህዳጉ ላይ በእስክሪብቶ «ይሄ ነው ገዳዩ!» ብሎ መጻፍም አስተያየት አይደለም። ግድ ከሆነ በእርሳስ ጻፉና ሳታውሱት በፊት በላጲስ አጥፉት።