ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ ጌም ኮምፒውተራችሁ መንቀራፈፍ ጀመረ? ካርድ ፍለጋ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከመውረዳችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ጌሙ ተከፍቶ እያለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩ።

ጂፒዩው (ግራፊክስ ካርዱ ማለት ነው) 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ 60 ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ 100 ከነካ ግን አዲስ ካርድ መግዛት ብር መጣል ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ቁጥርም አያታልላችሁ፤ አንዳንዴ የሚታነቀው አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሥራ ሠሪ ክፍሎች አንዱ) ብቻ ነው።

የኔ ጣጣ ራም ነበር። አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ሰክቼ ስንት ዓመት ተጫወትኩ! ተመሳሳዩን ጨምሬ 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ ስሰካቸው (የማዘርቦርዳችሁን መመሪያ እዩ፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው) ጌሙ እየቆመ መሄዱ ቀረ።

ደግሞ የከተማችን ብርድ ያቀዘቅዘዋል ብላችሁ አትዘናጉ። የኔ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ የተጋገረው አቧራ የመንዝ ባና ነበር የሚመስለው። ጠርጌ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ስቀይር የፋኑ ጩኸት ጠፋ።

ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ)? ጌም ቶሎ ይከፍታል፣ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ግን እምብዛም አይጨምርም።